ኤድዋርድ ጄነር የበርክሊው ሐኪም

ፈንጣጣ ከምድረ ገጽ ከጠፋ ብዙ ዓመት ስለ ሆነው፥ የዛሬ ተማሪ ስሙን ከመጽሐፍ ወይም ከአያቶቹ ካልሰማ በቀር ምን ዓይነት በሽታ እንደ ነበረ አያውቅም። በሽታው የሚጀምረው በብርቱ ትኩሳት፥ በራስ ምታትና በወገብ ሕመም ነበረ። ከጥቂት ቀን በኋላ በፊት፥ በእጅና በእግር ላይ ሽፍታ ይወጣል፤ ሽፍታውም ውሃ ይቋጥርና መግል ይይዛል፤ በመጨረሻም ደርቆ እየተቀረፈ ሲወድቅ በቦታው ጎድጓዳ ጠባሳ ይተዋል። ክፉው ዓይነት ፈንጣጣ ከያዛቸው ሰዎች ከ10 ሦስቱን ያህል ይገድል ነበረ። ከሞት የተረፈውም ፊቱ ተጠቃጥቆ፥ አንዳንዱም ዓይኑ ጠፍቶ ይቀራል። ንጉሥና ድኻ አይለይም ነበረ፤ የእንግሊዝ ንግሥት ዳግማዊት ሜሪ በ1694፥ የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 15ኛው በ1774 የሞቱት በዚሁ በሽታ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት፥ በእኛ አቆጣጠር መሆናቸው ካልተገለጠ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን በሽታ ድል ለመንሣት የመጀመሪያውን ታላቅ በር የከፈተው ሰው የትልቅ ከተማ ሊቅ ሳይሆን የገጠር ሐኪም ነበረ። ኤድዋርድ ጄነር በእንግሊዝ አገር በግሎስተር አውራጃ በርክሊ በምትባል ትንሽ ከተማ ሜይ 17 ቀን 1749 ተወለደ። አባቱ እስጢፋኖስ ጄነር የዚያች ከተማ ቄስ ነበሩ። ልጁ ገና አምስት ዓመት ሲሆነው እናቱም አባቱም በጥቂት ጊዜ ልዩነት ስለ ሞቱ፥ በታላላቆቹ እጅ አደገ። የበርክሊ አካባቢ ለምለም የግጦሽ አገር ነው፤ ሕዝቡ ላም በማርባት፥ ወተት በማለብና አይብ በመሥራት ይኖራል። ልጁም በዚያ መስክ ላይ የወፍ ጎጆ እየፈለገ፥ ከድንጋይ መካከል የጥንት እንስሳት ቅሪት እየለቀመ አደገ።

ስምንት ዓመት ሲሆነው ዕድሜውን ሙሉ ያልረሳው ነገር ደረሰበት፤ ይኸውም ፈንጣጣ ተከተበ። ይህ ክትባት ኋላ ጄነር ራሱ ያስገኘው አይደለም። በዚያ ዘመን የነበረው ልማድ፥ ፈንጣጣው ቀለል ካለለት በሽተኛ ቁስል መግል ወስዶ፥ የጤነኛውን ልጅ ክንድ ጫር አድርጎ ማግባት ነበረ። ልጁ በእውነተኛው ፈንጣጣ ይታመማል፤ ዳሩ ግን ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ይቀልለትና ሁለተኛ አይያዝም። ይህን ጥበብ የእስያና የአፍሪካ ሕዝቦች ከአውሮፓውያን አስቀድመው ያውቁት ነበረ። በእንግሊዝ አገር እንዲለመድ ያደረገችውም ሜሪ ወርትሊ ሞንታጉ የተባለች የእንግሊዝ መልእክተኛ ሚስት ናት፤ በቁስጥንጥንያ ሳለች አይታ ወንድ ልጅዋን እዚያው አስከተበች፤ በ1721 ደግሞ ሴት ልጅዋን በሎንዶን አስከተበች። በአገራችንም ይህ ልማድ የታወቀ ነበረ፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ የመጡ መንገደኞች ጽፈውታል፤ በ1970ዎቹም የፈንጣጣ ዘመቻ ሠራተኞች በጎጃምና በጎንደር ገጠር ሲሠራበት አግኝተዋል። ለዚህ ሥራ የምንጠቀምበት ቃል ራሱ የሚያስደንቅ ነው፤ በግዕዝ ከተበ ማለት ጻፈ ማለት ሲሆን፥ ቆዳን በመርፌ ጫር አድርጎ መድኃኒት ማሳደርም በዚሁ ግሥ ይጠራል።

ልማዱ ግን ሁለት ብርቱ ጉድለት ነበረው። አንደኛ፥ ከተከተቡት ከመቶ አንዱ ወይም ሁለቱ ይሞቱ ነበረ። ሁለተኛ፥ የተከተበው ልጅ እውነተኛ ፈንጣጣ ስለሚይዘው፥ ላልተከተቡት ጎረቤቶቹ የበሽታ ምንጭ ይሆናል። ትንሹ ጄነር ከመከተቡ በፊት እንደ ጊዜው ሥርዓት ለብዙ ቀናት ደሙ እየተቀዳ፥ በሚያስቀምጥ መድኃኒት ሆዱ እየታጠበ፥ ምግብም እየተቀነሰበት ከስቶ ነበረ። ከዚያ በኋላ እርሱን ከመሰሉ ልጆች ጋር በአንድ ጋጥ ውስጥ ተዘግቶበት እስኪሻለው ቆየ። ልጆችን የሚያክም ሁሉ ምን ያህል ገር መሆን እንደሚገባው የተማረው ምናልባት በዚያ ጋጥ ውስጥ ነው።

ወደ ዐሥራ አራት ዓመት ሲጠጋ ዳንኤል ላድሎ ለተባለ ቀዶ ጠጋኝ ሐኪም ደቀ መዝሙር ሆኖ ተሰጠና ሰባት ዓመት ያህል እጁን አሠለጠነ። በ1770 ወደ ሎንዶን ሄዶ በሴንት ጆርጅ ሆስፒታል የጆን ሐንተር ተማሪ ሆነ። ሐንተር በዘመኑ ከነበሩት ቀዶ ጠጋኞች ሁሉ የላቀ፥ ከዚያም ይልቅ የፍጥረት መርማሪ ነበረ። ጄነር በመምህሩ ቤት ሁለት ዓመት ኖሮ የተማረው ዋና ነገር የመድኃኒት ስም አይደለም፤ ነገርን በግምት ከመወሰን ይልቅ ፈትኖ፥ ታግሦና መዝግቦ ማወቅን ነው። ወደ አገሩ ከተመለሰም በኋላ ሐንተር እስኪሞት ድረስ ደብዳቤ ይጽፍለት ነበረ፤ አንድ ጊዜ ስለ ጃርት ሙቀት፥ ሌላ ጊዜ ስለ ወፎች እየጠየቀ ሥራ ያዝዘዋል፤ ተማሪውም በቀዝቃዛ ሌሊት ወጥቶ የተኙ ጃርቶችን ሙቀት ይለካ ነበረ። መምህርና ተማሪ በሃያ ዓመት ደብዳቤ እንዲህ ተያይዘው የኖሩበት ታሪክ ብዙ አይገኝም።

በሎንዶን ሳለ ካፒቴን ጀምስ ኩክ ከመጀመሪያው የባሕር ጉዞ የመጣውን የዕፅዋትና የእንስሳት ስብስብ በማደራጀት ረዳ፤ በሁለተኛውም ጉዞ አብሮ እንዲሄድ ተጠየቀ። እርሱ ግን እምቢ ብሎ ወደ በርክሊ ተመለሰ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ሞኝነት ቈጥሮበት ይሆናል፤ ነገር ግን የሚፈልገው ምስጢር በሩቅ ደሴት ሳይሆን በጎረቤቱ በረት ውስጥ ነበረ።

በበርክሊ በፈረስ እየዞረ ድኻውንም ሀብታሙንም ያክም ነበረ። ዋሽንትና ቫዮሊን ይጫወታል፤ ግጥም ይጽፋል፤ አዲስ ነገር በነበረ ጊዜም በጋዝ የሚነሣ ባሉን ከበርክሊ ግንብ አጠገብ አስነሥቷል። በሊቃውንት ዘንድ መጀመሪያ ያስመሰገነው ግን ስለ ኩኩ ወፍ ያደረገው ምርመራ ነው። ኩኩ እንቍላልዋን በሌላ ወፍ ጎጆ እንደምትጥል የታወቀ ነበረ፤ የባለቤቲቱን እንቍላልና ጫጩት ከጎጆው የሚያወጣው ማን እንደ ሆነ ግን አይታወቅም። ጄነር ጎጆዎችን እየጠበቀ፥ ገና የተፈለፈለውና ዓይኑ ያልተገለጠው የኩኩ ጫጩት ራሱ ሌሎቹን በጀርባው እየተሸከመ ወደ ውጭ እንደሚጥላቸው አየ፤ በጀርባውም ላይ ለዚህ ሥራ የሚያገለግል ጎድጓዳ ስፍራ እንዳለው፥ ያም ከዐሥራ ሁለት ቀን ያህል በኋላ እንደሚሞላ መዘገበ። ጽሑፉ በ1788 ታተመ፤ በ1789 የሎንዶን ንጉሣዊ ማኅበር አባል ሆነ። ብዙ ሰዎች ነገሩን ሳያዩ ሐሰት ነው ብለው ተከራከሩበት፤ በ20ኛው መቶ ዓመት ግን ፊልም አንሺዎች ጫጩቱን በሥራው ላይ ይዘው እውነተኛነቱን አሳዩ። በ1788 ካትሪን ኪንግስኮትን አገባ፤ ሦስት ልጆችም ወለዱ።

በዚያ አገር በላም ጡት ላይ አንዳንድ ጊዜ የሚወጣ ቁስል አለ፤ የላም ፈንጣጣ ይባላል። ላሞችን የሚያልቡ ሴቶች ከጡቱ ላይ በእጃቸው ይተላለፍባቸውና ጥቂት ቀን ታመው ይድናሉ። እነዚህም ሴቶች ዋናው ፈንጣጣ አይዘንም ይሉ ነበረ። ይህ በገበሬዎች ዘንድ የቆየ ወሬ ነው፤ ሐኪሞች ግን እንደ ተረት ያዩት ነበረ። ቤንጃሚን ጄስቲ የተባለ የዶርሴት ገበሬ በ1774 ፈንጣጣ ወደ መንደሩ ሲቃረብ፥ ሚስቱንና ሁለት ወንዶች ልጆቹን በካልሲ መሥሪያ መርፌ ከላም ቁስል ከተባቸው፤ ጎረቤቶቹም አረመኔ ብለው ነቀፉት። ስለዚህ በሐሳቡ ጄነር የመጀመሪያው ሰው አይደለም። የጄስቲ ሥራ ግን ቤተሰቡን አድኖ በዚያው ቆመ፤ ጄነር ግን የገበሬዎቹን ቃል ሳይንቅ እንዲሁም ሳያምን፥ ብዙ ዓመት እየጠየቀና እየመዘገበ፥ በእርግጥ የላም ፈንጣጣ የያዛቸው ሰዎች የተለመደው የፈንጣጣ ክትባት ሲደረግላቸው ምንም እንደማይወጣባቸው አስተዋለ። ሁለቱ ነገሮች ይለያያሉ፤ በሰው ዘንድ ክብር የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ለፊተኛው ነው፤ ሕዝብን የሚጠቅመው ግን የኋለኛው ነው።

ሜይ 14 ቀን 1796 ሣራ ኔልምስ የተባለች ላም አላቢ እጅዋ ላይ ቁስል ይዛ መጣች። እጅዋን አስቀድሞ እሾኽ ጭሮት ስለ ነበረ፥ በዚያ በኩል ብሎሰም ከተባለችው ላም በሽታው ተላለፈባት። ጄነር ከዚያ ቁስል ወስዶ የአንድ ሠራተኛ ልጅ የሆነውን የስምንት ዓመቱን ጀምስ ፊፕስን በክንዱ ላይ ሁለት ቀጭን ጭረት አድርጎ ከተበው። በሰባተኛው ቀን ልጁ ብብቱን ጥቂት አመመው፤ በዘጠነኛው ቀን ብርድ ብርድ አለው፤ ራሱንም አመመው፤ ምግብም አልበላም፤ በማግሥቱ ግን ፍጹም ደኅና ሆነ። ጁላይ 1 ቀን ጄነር ከእውነተኛው የፈንጣጣ ቁስል ወስዶ ይህንኑ ልጅ እንደ ገና ከተበው። በሽታው አልወጣበትም።

ስለዚህ ፈተና እውነቱን ሳይሸሽጉ መናገር ይገባል። ልጁ የስምንት ዓመት ሕፃን ነበረ፤ አባቱም ለሐኪሙ እምቢ ለማለት የሚችል ሰው አልነበረም። በፈንጣጣ መከተብ በዚያ ዘመን ለልጆች ሁሉ የሚደረግ ነገር ስለ ነበረ፥ ጄነር ልጁን ከልማዱ ውጭ ወደ ሆነ አደጋ አላገባውም ብሎ መከራከር ይቻላል። ሆኖም ዛሬ በየትኛውም አገር እንዲህ ያለ ፈተና በሕፃን ላይ ማድረግ አይፈቀድም፤ አለመፈቀዱም ትክክል ነው።

ጄነር ያገኘውን ጽፎ ለንጉሣዊው ማኅበር ቢልክ፥ የአንድ ልጅ ፈተና በቂ ማስረጃ እንዳይደለና ባገኘው ዝና ላይ ጉዳት እንዳያመጣ ተነግሮት ጽሑፉ ተመለሰለት። ይህ መልስ ቢያሳዝነውም ያለ ምክንያት የተሰጠ አልነበረም። የላም ፈንጣጣው ደግሞ ከአካባቢው ስለ ጠፋ እስከ 1798 ጸደይ ድረስ መጠበቅ ግድ ሆነበት። በዚያ ጊዜ ሌሎች ልጆችን፥ አንዱን ከሌላው ክንድ እያስተላለፈ ከተበ፤ ኃይሉም ከሰው ወደ ሰው ሲሸጋገር እንደማይጠፋ አየ። በዚያው ዓመት 23 ታሪኮችን የያዘ፥ በቀለም ሥዕል የተጌጠ ትንሽ መጽሐፍ በራሱ ገንዘብ አሳተመ። መጽሐፉ እንከን የለሽ አይደለም። በሽታው መጀመሪያ ከፈረስ ሰኮና ወደ ላም የሚተላለፍ ነው ብሎ ጽፏል፤ ይህም እርሱ እንዳሰበው ሆኖ አልተገኘም። ከከተባቸው ልጆች አንዱ የአምስት ዓመቱ ጆን ቤከር፥ ዋናው ፈተና ሳይደረግለት በድኾች መኖሪያ ቤት ትኩሳት ይዞት ሞቷል። ጥበቃውም ለዕድሜ ልክ ነው ማለቱ ስሕተት ነበረ፤ ከዓመታት በኋላ ኃይሉ እየደከመ ስለሚሄድ እንደ ገና መከተብ እንደሚያስፈልግ ሌሎች አሳዩ።

ላም በላቲን ቋንቋ ቫካ ስለምትባል፥ መድኃኒቱ ቫክሲን፥ ሥራውም ቫክሲኔሽን ተባለ። ጄነር ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ አያውቅም ነበረ፤ የበሽታ ጀርሞች ገና አልታወቁም። ዛሬ እንደምናውቀው የላም ፈንጣጣና የሰው ፈንጣጣ ቫይረሶች የአንድ ወገን ዘመዶች ናቸው። ቀላሉ ቫይረስ ወደ ሰውነት ሲገባ የደም ነጭ ሕዋሳት ያውቁትና የሚይዘውን መከላከያ ይሠራሉ፤ ካጠፉትም በኋላ መልኩን የሚያስታውሱ ሕዋሳት ይቀራሉ። ክፉው ቫይረስ በመጣ ጊዜ፥ የሌባውን ወንድም አስቀድሞ አይቶ መልኩን እንደ ለየ ዘበኛ፥ ሳይውሉ ሳያድሩ ይነሡበታል። ጥቅሙም በተከተበው ሰው ብቻ አይወሰንም። ፈንጣጣ ከሰው በቀር የሚኖርበት እንስሳ ስለ ሌለው፥ በአንድ መንደር ብዙው ሰው ከተከተበ በሽታው የሚሸጋገርበት ሰው ያጣል፤ ስለዚህ ገና ያልተከተበው ሕፃን እንኳ በጎረቤቶቹ ክንድ ይጠበቃል። የአንድ ሰው ክትባት የሕዝብ ጤና ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ዜናው በጥቂት ዓመት ውስጥ በዓለም ተሰማ። በረዶ ቤት በሌለበት ዘመን መድኃኒቱን ወደ ሩቅ አገር ማድረስ ከባድ ነበረ፤ በክር ላይ አድርቀው ወይም በሁለት መስተዋት መካከል አሽገው ይልኩት ነበረ፤ ብዙውም በመንገድ ይበላሻል። የእስጳንያ መንግሥት በ1803 ፍራንሲስኮ ባልሚስ የተባለውን ሐኪም ወደ አሜሪካ ሲልክ፥ 22 እናት አባት የሌላቸው ወንዶች ልጆች በመርከብ ተጫኑ፤ በየሳምንቱ ገደማ ሁለት ሁለት ልጆች እየተከተቡ፥ መድኃኒቱ ከክንድ ወደ ክንድ ሕያው ሆኖ ውቅያኖሱን ተሻገረ። ልጆቹን የጠበቀቻቸው የማሳደጊያ ቤታቸው ኃላፊ ኢዛቤል ሴንዳል ነበረች። የእነዚህ ልጆች ነገር ሲነገር ከሐኪሙ ስም በኋላ መምጣቱ የታሪክ ጸሐፊዎች ጉድለት ነው።

ተቃውሞም አልጠፋም። በሎንዶን የፈንጣጣ ሆስፒታል የሚሠራው ዊልያም ውድቪል በ1799 ያዘጋጀው መድኃኒት ከእውነተኛው ፈንጣጣ ጋር ስለ ተቀላቀለ፥ የተከተቡት ብዙዎች ሽፍታ ወጣባቸው፤ ይህም ለጠላቶች መልካም ወሬ ሆነ። አንዳንድ ሐኪሞች የእንስሳ ደዌ ወደ ሰው ማግባት ሰውን ወደ እንስሳ ጠባይ ይለውጣል ብለው ጻፉ፤ በ1802 ጀምስ ጊልሬይ የተባለ ሠዓሊ ከተከተቡ ሰዎች ክንድና ፊት ላይ ትንንሽ ላሞች ሲወጡ የሚያሳይ የፌዝ ሥዕል አወጣ። በቀድሞው ክትባት የሚተዳደሩትም ገቢያቸው ስለ ተነካ ዝም አላሉም።

ጄነር ምስጢሩን ደብቆ ቢይዘው ኖሮ ባለጸጋ ለመሆን ይችል ነበረ። እርሱ ግን ለጠየቀው ሁሉ መድኃኒቱንና መመሪያውን በነጻ ይልክ ነበረ፤ ደብዳቤ ሲጽፍ ስለሚውልም ሕክምናው ተጓደለበት። የእንግሊዝ ምክር ቤት በ1802 10,000 ፓውንድ፥ በ1807 ደግሞ 20,000 ፓውንድ ሰጠው። በግቢው ባለች በትንሽ ጎጆ ውስጥ የአካባቢውን ድኾች ያለ ዋጋ ይከትብ ነበረ። ናፖሊዮን ከእንግሊዝ ጋር ሲዋጋ ሳለ ወታደሮቹን አስከተበ፤ ጄነር ስለ አንዳንድ እንግሊዛውያን እስረኞች በለመነውም ጊዜ ለቀቀለት።

የኋለኛው ዕድሜው ግን የደስታ አልነበረም። የበኵር ልጁ ኤድዋርድ በ1810፥ ሚስቱ ካትሪን በ1815 በሳንባ ነቀርሳ ሞቱ። አገሩን ሁሉ ከፈንጣጣ የሚጠብቅ ጥበብ ያገኘ ሐኪም በቤቱ የገባውን ሌላ በሽታ ሊመልስ አልቻለም፤ የዚያ በሽታ ክትባት የተገኘው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ከዚያ ወዲያ ከበርክሊ ብዙም አልራቀም። ፊፕስን አልረሳውም፤ ልጁ አድጎ ሚስት ካገባ በኋላ ኪራይ የማይከፍልበት ቤት ሰጠው፤ በአትክልቱም ስፍራ የጽጌረዳ ተክል ራሱ ተከለለት። ጄነር በ73 ዓመቱ ጃንዋሪ 26 ቀን 1823 በአንጎል ደም መፍሰስ ሞተና አባቱ ባገለገሉበት ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። በቀብሩ ላይ ከተገኙት አንዱ ጀምስ ፊፕስ ነበረ።

የእንግሊዝ መንግሥት የቀድሞውን አደገኛ ክትባት በ1840 ከለከለ፤ በ1853 ደግሞ ሕፃናት ሁሉ እንዲከተቡ በሕግ አዘዘ። ግዴታው ብዙ ወላጆችን ስላስቈጣ በ1885 በሌስተር ከተማ ታላቅ ሰልፍ ተደረገ፤ በ1898 ሕጉ ኅሊናው የማይፈቅድለት ወላጅ እንዲቀርለት ፈቀደ። የፈረንሳዩ ሊቅ ሉዊ ፓስተር በ1881 ለሌሎች በሽታዎች የሚሠራው ክትባት ሁሉ ለጄነር መታሰቢያ ቫክሲን እንዲባል ሐሳብ አቀረበ፤ ስለዚህ ከላም ጋር ምንም ዝምድና የሌለው መድኃኒት ሁሉ እስከ ዛሬ በላም ስም ይጠራል።

የዓለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣን ከዓለም ለማጥፋት በ1967 ጽኑ ዘመቻ ጀመረ። በኢትዮጵያ ሥራው የተጀመረው በጥር ወር 1963 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕመምተኞች ተገኙ። ደግነቱ በአገራችን የነበረው አብዛኛው ቀላሉ ዓይነት ነበረ፤ ይህም ራሱ ችግር አመጣ፤ ብዙ የማይገድል በሽታ ስለ ሆነ ሕዝቡ አዲሱን ክትባት ለመቀበል አይቸኩልም። ሠራተኞቹ ባለ ሁለት ጫፍ መርፌና የደረቀ መድኃኒት ይዘው በእግርና በበቅሎ ዞሩ፤ በገበያና በትምህርት ቤት የበሽተኛ ልጅ ሥዕል እያሳዩ እንዲህ ያለ ሰው የት እንዳለ ይጠይቁ ነበረ፤ ተማሪዎችም ብዙ ጊዜ ከአለቆች ይልቅ ቀድመው ያመለክቱ ነበረ። የመጨረሻው ሕመምተኛ በኢትዮጵያ በኦጋዴን በነሐሴ ወር 1968 ዓ.ም. ተገኘ። በቀጣዩ ዓመት በኦክቶበር 1977 በሶማሊያ በመርካ ከተማ አንድ የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ታመመ፤ እርሱም ዳነ። በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰው እርሱ ነው፤ ኋላም በአገሩ የልጅነት ልምሻ ክትባት እንዲስፋፋ ሲያገለግል ኖሮ በ2013 ሞተ።

ሚያዝያ 30 ቀን 1972 ዓ.ም. ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱ በጄኔቫ ታወጀ፤ ክትባቱም በየአገሩ ቀረ። በዚያው በአውሮፓውያን 1980 ኢትዮጵያ ለሌሎች ስድስት የልጆች በሽታዎች፥ እነርሱም ኩፍኝ፥ ትክትክ፥ ዲፍቴሪያ፥ መንጋጋ ቆልፍ፥ የልጅነት ልምሻና የሳንባ ነቀርሳ ለሆኑት፥ የክትባት ፕሮግራም ጀመረች። ስለዚህ ዛሬ በተማሪዎች ክንድ ላይ የምትታየው ትንሽ ጠባሳ፥ ብዙ ሰው እንደሚያስበው የፈንጣጣ ክትባት ምልክት አይደለችም፤ የጄነርን ልጅና ሚስት የገደለው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ምልክት ናት።